ቁልፉን ፍለጋ፤ ከኮልፌ እስከ ቡራዩ ማዶ

ቅዳሜ፣ ጎህ ሲቀድ። ኮልፌ።

ከቤቴ የወጣሁት ተናድጄ ነው፤ ይህን ከአሁኑ እወቁልኝ። ሌላው መንገደኛ ተራራውንና ወንዙን አይቶ መደሰቱን ይጽፋል። እኔ የምጽፍላችሁ ጥርሴን ነክሼ የሄድኩትን መንገድ ነው።

ጨለማው ገና አልለቀቀም። የቦኖው ሰልፍ ግን ቀድሞኝ ተነስቷል። ባልዲው፣ ጀሪካኑ፣ የዘይት ቆርቆሮው በተራ ተደርድሯል፤ ባለቤቶቹ ነጠላቸውን ተከናንበው ግድግዳ ተደግፈዋል። ጎረቤቴ ዘነበች ገና ስታየኝ፣

«እትዬ አስካለ፣ በዚህ ማለዳ ከማን ልትጣዪ ነው?» አለችኝ።

«ከቁልፍ ጋር» አልኳት።

«ከቁልፍ? ወይ ጉድ! ሰው አለቀና!»

ሰልፉ በሙሉ ሳቀብኝ። እኔም ስቄ አለፍኩ፤ ንዴቴ ግን አልሳቀም።

ዘመኑ የደርግ ነው። ኮልፌ ቤቴ ውስጥ በእግር የስፌት መኪና የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። የሰፈሩን ልጅ ሁሉ በትከሻውና በወገቡ ልክ አውቀዋለሁ። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የቆጠርኩት የመጀመሪያ ልጄ ሰናይት አንደኛ ክፍል ገብታ «ሀ ሁ» ስትል ከጀርባዋ ቆሜ ነው። ከዚያ ወዲህ እሷ መጽሐፏን ስታስቀምጥ እኔ አነሳለሁ። እንዲህ እንዲህ እያልን አሁን እሷ አስረኛ ክፍል ደርሳለች። እኔም «አስካለ ታነባለች» ተብዬ የወላጅ ኮሚቴ አባል ሆኛለሁ።

ነገሩ የተጀመረው ሐሙስ ነው። ከገበያ ስመለስ ሰናይት ከወንዝ የቀዳችውን ውሃ በጠርሙስ አድርጋ፣ መስኮት ላይ አስቀምጣ፣ ዓይኗን አጥብባ ታየዋለች።

«ምን ፍለጋ ነው?»

«አሜባ። ግን የለም እማዬ፤ ስንቱን ጠርሙስ ደፋሁት።»

«ለመሆኑ ምን ያህላል?»

መዳፏን ዘርግታ አሳየችኝ።

መጀመሪያ ሳቅኩ። ደብተሯን አመጣችልኝ። እውነትም ገጹን ሞልቶ፣ እንደፈሰሰ ሊጥ የተዘረጋ አሜባ ተሥሏል፤ እያንዳንዱ ክፍል በቀስት ተጠቁሞ ስሙ ተጽፎበታል። ከግርጌው በቀይ እስክሪብቶ «አስር ከአስር» ይላል። ይቺ ልጅ በአሜባ ታማብኝ ስንት ጊዜ ክሊኒክ ተሰልፌአለሁ! መዳፍ የሚያህል ነገር እንዴት አድርጎ ሆዷ ገባ?

«መጽሐፉ በማይክሮስኮፕ ነው የሚታየው ይላል» አልኳት፤ አንብቤዋለሁ።

«የውስጡን ለማየት መስሎኝ ነበር። ማይክሮስኮፕም ሥዬ አስር ከአስር አግኝቻለሁ።»

«አይተሽው ታውቂያለሽ?»

«እኛው ትምህርት ቤት አለ እኮ። ከክፍላችን ሁለተኛው በር ነው። ተቆልፏል።»

ሳቄ እዚያ ላይ ቆመ።

አርብ የኮሚቴ ስብሰባ ነበር። ዲሬክተሩን ጠየቅኩት። አንቱ ልለው ይገባ ነበር፤ ፊት ለፊት እላለሁም፤ ስጽፍ ግን እጄ አልታዘዝ አለኝ። «ክፍሉ ታሽጓል» አለኝ። «ቁልፉ ጡረታ በወጡት ንብረት ጠባቂ በአቶ ቶሎሳ እጅ ነው። ርክክብ ሳይደረግ አይከፈትም።» ርክክብ ማለት ዕቃው አንድ በአንድ እየተጠራ ከአንዱ ሰው ኃላፊነት ወደ ሌላው የሚተላለፍበት ሥርዓት ነው።

«መቼ ነው የሚደረገው?»

«ኮሚቴ ሲዋቀር።»

«ሰውየው ጡረታ ከወጡ ሁለት ዓመት አለፈ አይደል?»

«ለነገሩ ሰኞ ያልቅለታል» አለ፣ ወረቀቱን እያጣጠፈ። «ከአውራጃ መኪና ይመጣል። ሥራ ላይ ያልዋለ የትምህርት መሣሪያ ተነስቶ ለሌላ ትምህርት ቤት ይሰጥ የሚል መመሪያ ወርዷል።»

በሩን ሰብረን ብንከፍተውስ አልኩ። «የታሸገ የመንግሥት ንብረት መስበር የኢኮኖሚ አሻጥር ነው፣ ጓድ አስካለ» አለኝ። በዚያን ጊዜ «አሻጥር» የምትባለዋ ቃል ሰው ታስበላ ነበር። የባዮሎጂ አስተማሪው ቲቸር መስፍን የጫማውን ጫፍ ያያል። ከዚያ ዲሬክተሩ ፈገግ ብሎ፣ «ነገ እስከ አስር ሰዓት ቢሮ አለሁ። ሰውየውን ከነቁልፋቸው ካመጡልኝ አረካክባለሁ» አለ። ሰውየው ቡራዩ ማዶ እንደሚኖሩ ያውቃል። የማልሄድ መስሎታል።

ጠዋት። ከአጣና ተራ ወደ አስኮ።

አጣና ተራ የደረስኩት ነጋዴዎቹ እሳት እየሞቁ ሳሉ ነው። እርጥብ ባሕር ዛፍ ይሸታል። ረጃጅሙ አጣና እንደ ጦር ቆሟል፤ አጫጭሩ መሬት ላይ ተከምሯል። ሌሊት ዘንቦ ነበርና መንገዱ ቀይ ጭቃ ነው፤ ጫማዬን ከእግሬ ሊያስቀረው ይታገለኛል። ከወዲያ ማዶ እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ሸክማቸው ጎብጦባቸው ይመጣሉ። አንዷ ቀና ማለት ስላልቻለች እግሬን አይታ «እንደምን አደርሽ» አለችኝ። ጉልበታቸውን ሳይ ንዴቴ ሌላ ንዴት ወለደ። ይህን ያህል እንጨት በወገብ ከመሸከም የሚያድን መላ በዓለም ላይ ስንት አለ! መላ የሚወለደው ደግሞ «ለምን?» ብሎ መጠየቅ ከተማረ ልጅ ነው፤ ሸምድዶ ከሚደግም ልጅ አይደለም።

የአምቦ መንገድ ላይ ወጥቼ ውይይት ታክሲ ያዝኩ። ለማያውቁት ልንገራችሁ፤ ውይይት ከኋላ ሁለት አግዳሚ ያላት፣ ሰው ፊት ለፊት ተያይቶ፣ ጉልበት ለጉልበት ተነካክቶ የሚቀመጥባት መኪና ናት። ስሟም ያኔ በየቀበሌው ከሚደረገው የውይይት ክበብ የወጣ ነው። ከእኔ ትይዩ አንድ ባለካፖርት ሰውዬና ዶሮ የታቀፉ አሮጊት ተቀምጠዋል። ወሬ አይደበቅብኝምና የመጣሁበትን ተናገርኩ።

«ለአንድ ቁልፍ ቡራዩ ድረስ?» አለ ባለካፖርቱ። «አይ እህቴ! የሳይንስ ዕቃ ለሐኪምና ለመሐንዲስ ነው። የኮልፌ ልጅ አራቱን የሒሳብ መደብ ከቻለ ምን ጎደለው? ሴት ከሆነች ደግሞ...»

«ሴት ከሆነች ደግሞ ምን?»

ካፖርቱን ሰበሰበ።

«ጨርሰዋ ወንድሜ!» አሉት አሮጊቷ። «ጀምረህ የት ትሄዳለህ? መኪናው እንደሆነ አልቆመም።»

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ሰውዬው ግን አልሳቀም። እኔም አልተውኩትም። የዘነበችን ነገር ነገርኩት። የዘነበች ትንሹ ልጅ በተቅማጥ ሲያልቅ፣ ውሃውን አፍልተሽ አጠጪው አልኳት። ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንስታ፣ «ምኑን ላፍላው? ይኸው ንጹሕ ነው፤ ወዲያ ማዶ ያሳያል» አለችኝ። እኔ አንብቤአለሁ፤ አላየሁም። ልጄ ሥላለች፤ አላየችም። እናት በዓይኗ ከምታየው ንጹሕ ውሃና ሰው ከሚነግራት ተባይ የቱን ትመን? ዘነበች «ዓይነ ጥላ ነው» ብላ ልጁን ጠበል ወሰደችው። ልጁ በመከራ ተረፈ። ከልጄ ክፍል አጠገብ ደግሞ ያንን ተባይ የሚያሳይ መሣሪያ ተቆልፎበት ይተኛል።

«ስለዚህ ወንድሜ» አልኩት፣ «ሳይንስ ለሐኪም ብቻ አይደለም፤ ሐኪም ቤት ላለመሄድም ነው።»

«ውይይቱስ ሞቋል» አለ ረዳቱ በመስኮት ብቅ ብሎ፣ «ሂሳብ ግን ረስታችኋል!»

ባለካፖርቱ አስኮ ወረደ። የሚወርደው አስኮ ይሁን ወይስ ከእኔ ለመሸሽ፣ እሱ ያውቃል።

ረፋድ። ቡራዩ።

ቡራዩ ከተማ አይባልም፤ መንገድ ዳር የተዘራ ቤት ነው። ቆርቆሮውና ሳር ክዳኑ ተቀላቅሏል። ቅዳሜ ነውና ሰው ወደ ገበያ ይጎርፋል፤ ድንች፣ ጎመን፣ ቅቤ በኮባ ተጠቅልሎ። አማርኛና ኦሮምኛ እንደ ድርና ማግ ተሸምነው ይሰማሉ። የአቶ ቶሎሳን ቤት ስጠይቅ አንዲት ቅቤ ሻጭ፣

«ቁልፍ ያዡ ቶሎሳ?» አለችኝ።

ደነገጥኩ። «በቁልፍ ነው እንዴ የሚታወቁት?»

«አንገታቸው ላይ አይደል እንዴ የሚያንጠለጥሉት! ልጆች ይስቁባቸዋል። በዚያ በወንዙ በኩል ሂጂ፤ ጽድ ያለበት ግቢ ነው።»

ወንዙን በድንጋይ ላይ ተሻገርኩ፤ አንዱን እግሬን ነከርኩት። ዳገቱን ወጣሁ። ጽዱ ሥር ደርሼ «ቤቶች!» ስል፣ ወይዘሮ ብርቄ፣ ባለቤታቸው፣ ከጓሮ «ኮቱ! ኮቱ! ግቢ ልጄ» እያሉ ወጡ። ስሜን ሳይጠይቁ አስቀመጡኝ፤ እግሬ መርጠቡን አይተው ደረቅ ጨርቅ አመጡ። ወዲያው የተቀቀለ ድንች ከነልጣጩ፣ ከጎኑ ሚጥሚጣና አይብ ቀረበ።

«እቸኩላለሁ እማማ።»

«ቸኩሎ የበላ ይታነቃል። ቸኩሎ ያልበላ ግን ይወድቃል። ብዪ።»

በላሁ። ከዚያ የጣፈጠ ድንች በልቼ አላውቅም።

ቀትር። አቶ ቶሎሳ ቤት።

አቶ ቶሎሳ ከድንች ማሳቸው እጃቸውን እያራገፉ መጡ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ኮታቸው ክርናቸው ላይ የተጣፈ ሽማግሌ ናቸው። ከየት እንደመጣሁ ስነግራቸው እጃቸውን ወደ አንገታቸው ልከው ማተባቸውን ሳቡ። ከጥቁሩ ክር ጋር ቁልፉ ተቋጥሯል፤ ከላብ ብዛት ወዙ የሚያበራ ነው።

«ሁለት ዓመት» አሉ። «ስተኛ ይወጋኛል። ስነሳ ይመታኛል። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው ይመጣል ብዬ በዚህ መንገድ አያለሁ። ዛሬ የመጣሽው አንቺ ነሽ፤ ማን ነሽ?»

«ልብስ ሰፊ ነኝ። ልጄ እዚያ ትማራለች።»

«የመንግሥት ሰው አይደለሽም?»

«አይደለሁም።»

ተስፋ ቆርጠው ቁጭ አሉ። ቀስ በቀስ ነገሩን አወጡት። ጡረታ ሲወጡ ዕቃውን ላስረክብ ብለው ዲሬክተሩ ዘንድ ተመላልሰዋል። በመጨረሻ ሰውየው በር ላይ አቁሞ፣ «ምን አስቸኮለዎ? ቁልፉን ይዘው ይቀመጡ። ያልተከፈተ ክፍል ውስጥ የሚጎድል ዕቃ የለም» አላቸው። በዚያው ዓመት ደግሞ በአውራጃው ስብሰባ ላይ «በትምህርት ቤታችን አንድ ብርጭቆ እንኳ አልተሰበረም» ብሎ ተናግሮ ተጨበጨበለት። አቶ ቶሎሳ አዳራሹ ውስጥ ነበሩ። እሳቸውም አጨበጨቡ።

እናንተዬ፣ የተጨበጨበው ለምን እንደሆነ ይገባችኋል? ልጆች ምንም ስላልነኩ ነው! ምጣዱን ሰቅሎ ልጆቹን ጦማቸውን ላሳደረ ቤት «ምጣድህ አልጠቆረም፣ ጎበዝ» እንደማለት ነው። ስንት የአስረኛ ክፍል ልጅ በዚያ በር ፊት አለፈ! ስንቱ ፈተና ላይ ሣለ፣ ስንቱ አስር ከአስር አገኘ፣ ስንቱ ሳያይ ወጣ!

«እንግዲያው ይነሱ፣ እንሂድ» አልኳቸው። «እስከ አስር ሰዓት ከደረስን አረካክባለሁ ብሏል። ካልደረስን ሰኞ መኪና መጥቶ ይወስደዋል።»

«ይውሰደው! እኔም እገላገላለሁ።»

«ሌላው ትምህርት ቤትስ ቁልፍ የለውም?»

ወደ ድንቹ ማሳ አዩ። «ስሚ ልጄ፣ ብርጭቆ ቢጎድል ጡረታዬን ይይዙብኛል። አይጥ ሰብሮት ቢሆንስ? እኔ ሽማግሌ ነኝ። ይህቺ ሴትዮ በምን ትኖራለች?»

ፈሪ ልላቸው አልቻልኩም። ፍርሃቱን ራሳቸው አልፈጠሩትም፤ ሰፍቶ ያለበሳቸው ሌላ ነው። ስፌቱን ደግሞ አውቀዋለሁ፤ እኔም ለብሼዋለሁ።

«አቶ ቶሎሳ» አልኩ፣ «ዕቃው አልጎደለም። የጎደሉት ልጆቹ ናቸው። የልጅ ርክክብ ቢኖር ማን ነበር የሚጠየቀው?»

ወይዘሮ ብርቄ ጓዳ ሆነው ይሰሙ ኖሯል፤ ወንፊታቸውን እንደያዙ ብቅ አሉ።

«ቁልፉን አንገትህ ላይ አስረህ ልትቀበር ነው? ቅዱስ ጴጥሮስ እንደሆነ ምክትል አልፈለገም!»

ሽማግሌው ሳያስቡት ሳቁ። ሳቁና ተነሱ። ባርኔጣቸውን አራገፉ፤ ወይዘሮ ብርቄ የተቆላ ገብስ በመሐረብ ቋጥረው ኪሳቸው ከተቱላቸው።

ከሰዓት በኋላ። ኬላው።

ወደ ከተማ የሚመለስ ታክሲ ጠፋ። ገበያተኛው ሁሉ ወደ እኛ ይመጣል እንጂ ከእኛ የሚሄድ የለም። ፀሐይዋ ዘንበል ማለት ጀመረች፤ እኔም እንደ እሷ። መንገድ ዳር ቆመን እጃችንን ብናውለበልብ የሚያየን የለም። በመጨረሻ አጣና የጫነ የጭነት መኪና ቆመልን። የት እንደሚራገፍ ስጠይቅ ሾፌሩ፣

«አጣና የት ይራገፋል እትዬ፣ ቤተ መንግሥት? ኮልፌ ነዋ!» አለኝ።

ጋቢና ውስጥ ሦስት ሆነን ተጣበቅን። አቶ ቶሎሳ መሐል ሆነው በየጉድጓዱ ቁልፋቸውን በእጃቸው ይይዛሉ፤ የሚዘልባቸው ይመስል።

አስኮ ኬላ ላይ አቆሙን። ጠባቂው የአጣናውን የይለፍ ወረቀት ጠየቀ። ወረቀቱን አገላበጠው፤ አጣናውን በዱላ እየነካ ዞረው። ሾፌሩ እያለዘበ ይለምነዋል። እኔ ሰማይ ሰማይ አያለሁ። ከዚያ ጋቢናውን ከፈተና፣

«እናንተስ ምን ይዛችኋል? ጤፍ?» አለ፤ ያኔ እህል ያለ ፈቃድ ኬላ አያልፍም ነበር።

«ቁልፍ» አሉ አቶ ቶሎሳ፤ ማተባቸውን ስበው አሳዩት።

«የምን ቁልፍ?»

«የሳይንስ ክፍል» አልኩ እኔ። «ማይክሮስኮፕ አለበት፤ ለተማሪ ልናስከፍተው ነው። ወንድሜ፣ እባክህ አስር ሰዓት ከሆነ አለቀልን።»

የጠባቂው ፊት በራ። ጠብመንጃውን ትከሻው ላይ አስተካክሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ «አይፒስ፣ ኦብጀክቲቭ፣ ስቴጅ፣ ሚረር፣ ቤዝ!» ብሎ እንደ አባታችን ሆይ አወረደው። «ስሥል አንደኛ ነበርኩ እኮ! አስር ከአስር!»

«አይተኸው ታውቃለህ?»

«የት አይቼ?» አለ፤ ተገርሞ ነው የመለሰልኝ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ይጠየቃል እንዴ በሚል ዓይን።

ስንት ልጅ ነው እንዲህ ሸምድዶ የወጣው? ይህ ልጅ ዛሬ ኬላ ቆሞ ጤፍ ይፈትሻል፤ የማያውቀውን መሣሪያ ስም ግን እንደ ዳዊት ይደግማል። ንዴቴ በዲሬክተሩ ላይ ብቻ የነበረ መስሎኝ ነበር። እዚያች ኬላ ላይ በአንድ ሰው የማይለካ መሆኑ ገባኝ፤ ስለገባኝም ባሰብኝ።

«እለፉ» አለ። አጣናውንም ረሳው።

ወደ አስር ሰዓት። ትምህርት ቤቱ።

ዲሬክተሩ ቢሮውን ሊዘጋ ቆሞ ነበር። እኛን ሲያይ እጁ መዝጊያው ላይ ቀረ። የግቢው በር ላይ ሰናይት፣ ጠዋት ስወጣ እንደነገርኳት፣ የክፍሏን ልጆች አሰልፋ ትጠብቃለች፤ ቲቸር መስፍንም ከመሐላቸው አለ። አርብ ጫማውን ያይ የነበረው ሰው ዛሬ ፊቴን አየኝ።

«ቃልዎ ቃል ነው፣ ጓድ ዲሬክተር» አልኩ።

እሽጉ ተቀደደ። አቶ ቶሎሳ ቁልፉን ከማተቡ መፍታት አቃታቸው። የልብስ ሰፊ ጣት ቋጠሮ አይበግረውምና እኔ ፈታሁላቸው። በሩ ሲከፈት የሻገተ ካርቶን ሽታ ወጣ። መደርደሪያው ላይ ሸረሪት ድር አድርቶበታል፤ ማይክሮስኮፖቹ የእጅ ሥራ ጥልፍ ለብሰው እንደ ሙሽራ ተቀምጠዋል። ለጎብኚ የለበሱት ነው አሉኝ አቶ ቶሎሳ በሹክሹክታ።

ዲሬክተሩ መጥራት ጀመረ። «ፒፔት!» አለ። አቶ ቶሎሳ ዕቃውን የሚያውቁት «ቀጭኑ»፣ «ሆዳሙ»፣ «አንገተ ረጅሙ» እያሉ ነው። ዲሬክተሩም ያነበዋል እንጂ የቱ እንደሆነ አያውቅም። እኔማ ከየት አውቄ! ይሄኔ ሰናይት ከደጅ፣ «ያቺ ቀጭን የመስታወት ቱቦ ናት! ከታች ጫፏ ሾጠጥ ያለችው!» ብላ ጮኸች።

እንዲገቡ ግድ ሆነ። ልጆቹ ስም ይሰጣሉ፤ አቶ ቶሎሳ ያነሳሉ፤ ዲሬክተሩ ምልክት ያደርጋል። «ቡሬት!» ሲባል አንዷ ልጅ፣ «ውይ፣ እንዲህ ረጅም ነው እንዴ? እኔ እንደ እስክሪብቶ ነበር የመሰለኝ!» አለች። «ይሄ ነው ትራይፖድ? ሦስት ጉልቻ በሉኝ እንጂ!» አለ ሌላው። ቲቸር መስፍን አንዱን ማይክሮስኮፕ ጥልፉን ገልጦ፣ ሌንሱን በመሐረቡ እየጠረገ፣ ከራሱ ጋር ይነጋገራል። እሱም ኮሌጅ ሳለ የነካው አንድ ቀን ብቻ እንደሆነ በኋላ ነገረኝ። ልጆቹ በሣሉት ሁሉ ላይ እጃቸውን እያሳረፉ ያልፋሉ፤ ከሞት የተመለሰ ዘመድ እንደሚዳስስ ሰው።

ቆጠራው አለቀ። ምንም አልጎደለም። አቶ ቶሎሳ ባርኔጣቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ያዙ፤ ባዶ አንገታቸውን ዳበስ አደረጉ።

«መልካም» አለ ዲሬክተሩ። «ተረካቢ ስለሌለ ታሽጎ ይቆይ። ሰኞ መኪናው ይወስደዋል።»

ልጆቹ የያዙትን ዕቃ መልሰው አስቀመጡ።

«መመሪያው ሥራ ላይ ያልዋለ አይደል የሚለው?» አልኩ። «ተረካቢ ካለና ልጆቹ ከተማሩበት ሥራ ላይ ዋለ ማለት ነው።»

«ማን ይረከባል? ቲቸር መስፍን፣ አንተ ትረከባለህ? ቢሰበር ከደመወዝህ ነው።»

ቲቸር መስፍን መሐረቡን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። አዲስ የተወለደ ልጅ አለው፤ የልብሱን ቁልፍ የተከልኩለት እኔ ነኝ፣ ኑሮውን አውቃለሁ።

«እኔ እረከባለሁ» አልኩ። «ቢሰበር የስፌት መኪናዬ አለች። ወላጅ ኮሚቴ መረከብ አይችልም የሚል መመሪያ ካለ ያሳዩኝ፤ አነበዋለሁ።»

ወረቀቱን ወደፊት ወደኋላ ገለበጠ። አጣ። ከዚያ ሳቀና፣ «በጣት አሻራ ነው የሚፈርሙት፣ ጓድ አስካለ?» አለ።

ልጆቹ ፊት ነው ያለው። ሰናይት ፊት። ፊቴ ሲግል ተሰማኝ። እስክሪብቶውን ከእጁ ወሰድኩና ስሜን ከነአባቴ፣ ከነአያቴ፣ ፊደሉን ጎላ አድርጌ ጻፍኩ። ቲቸር መስፍን መጣና ከሥሬ «ምስክር» ብሎ ፈረመ። አቶ ቶሎሳም አስረካቢ ብለው ፈረሙ፤ ፈርመው ሲያበቁ የተቆላ ገብሳቸውን አውጥተው ለልጆቹ ያድሉ ጀመር።

በዚያ ሁሉ ትርምስ መሐል አንዲት ልጅ፣ ዩኒፎርሟን ባለፈው መስከረም የሰፋሁላት፣ ትልቁን የመስታወት ቢከር ውሃ ልትሞላበት አንስታ ስትዞር ከእጇ አመለጣት። ሲሚንቶው ላይ ተከሰከሰ።

ገብስ የሚያኝከው ሁሉ ማኘኩን ተወ።

«ይኸው!» ብሎ ጮኸ ዲሬክተሩ። አንቱታውንም በዚያው ጣለው። «ይኸው! ገና ቀለሙ ሳይደርቅ! ሰበሩልሽ! ይጻፍ!»

ልጅቷ አፏን በሁለት እጇ ይዛለች። ስብርባሪውን አየሁት፤ የዚያ ክፍል የመጀመሪያ ድምፅ ነው።

«ይጻፍ እንጂ፣ ጓድ ዲሬክተር» አልኩ። «አንድ ቢከር፣ ሥራ ላይ ዋለ ብለው ይጻፉ። ሰኞ ለሚመጣው ሾፌር የምናሳየው እሱን ነው።»

ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞርኩ።

«አንቺ ደግሞ አታልቅሺ። ጥረጊውና ሌላውን አንሺ።»